የትኛውን ዕትም እንግዛ? በየቀኑ የምሰማቸው የጃዝ ሸክላዎች

ስለ ጃዝ አልበሞች የሚጻፉ አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ የሙዚቀኞቹን ችሎታ አድንቀው ሲያበቁ፣ ገዢው በትክክል የሚቸገርበትን ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ጥያቄው አንድ አልበም በዐሥር ዓይነት ዕትም ገበያ ላይ ሲገኝ የትኛው ይገዛ የሚለው ነው። ዕትሞቹ በሽፋን ሥዕል ወይም በዋጋ ብቻ የሚለያዩ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በድምፅ ጥራት፣ በሙዚቃው ፍጥነት፣ አልፎ ተርፎም በምንሰማው ትርኢት ማንነት ጭምር ይለያያሉ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሸክላ፣ ካሴትና ሲዲ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ ከመደርደሪያው ወርደው በማጫወቻው አጠገብ የሚቆዩትን፣ ማለትም ለእንግዳ የማሳያቸውን ሳይሆን ለራሴ በየዕለቱ የማጫውታቸውን አልበሞች እዚህ እመዝናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው፤ የኔም ጠዋት በአብዛኛው የሚጀምረው በዚህ አልበም ነው። የተቀረጸው ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ከተማ በሠላሳኛው ጎዳና በነበረው የኮሎምቢያ ሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ያ ስቱዲዮ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ሕንፃ ነበር። የትራምፔቱ ድምፅ ከወጣ በኋላ በአየሩ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋው፣ የድራም ተጫዋቹ የጂሚ ኮብ ጸናጽልም ሳይጮህ አዳራሹን የሚሞላው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕንፃው ዛሬ ፈርሷል፤ ስለዚህ የዚያን ክፍል አየር የምናገኘው በእነዚህ ቴፖች ላይ ብቻ ነው። ከማይልስ ጋር በቴነር ሳክስፎን ጆን ኮልትሬን፣ በአልቶ ሳክስፎን ካነንቦል አደርሊ፣ በባስ ፖል ቼምበርስ፣ በፒያኖ ደግሞ ቢል ኢቫንስ ይጫወታሉ፤ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» በተባለው ቁራጭ ላይ ብቻ ፒያኖውን ዊንተን ኬሊ ይዞታል። በስቴሪዮ ዕትም፣ ማለትም ድምፁ በግራና በቀኝ ተከፍሎ በሚመጣበት፣ ሲሰማ ኮልትሬን በግራ፣ አደርሊ በቀኝ፣ ማይልስ በመካከል ቆመው ስለሚገኙ፣ ሁለቱን ሳክስፎኖች ለይቶ ለማወቅ ገና የሚለማመድ አድማጭ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም።

የዚህ አልበም ትልቁ ችግር ከሙዚቀኞቹ ሳይሆን ከማሽኑ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ላይ ዋናው የቴፕ መቅረጫ ከሚገባው ፍጥነት ዘግየት ብሎ ይዞር ስለነበር፣ ቴፑ በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ፈጠን ብሎ፣ ቃናውም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ወጣ። በዚህም ምክንያት በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያሉት ሦስቱም ቁራጮች፣ «ሶ ዋት»ን ጨምሮ፣ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የተሰሙት በተዛባ ቃና ነው። ከሸክላው ጋር አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሙዚቀኛ መሣሪያውን እንደገና ካልቃኘ በስተቀር ሊገጥምለት አይችልም ነበር። ደግነቱ በዚያው ቀን ሁለተኛ መቅረጫ ለመጠባበቂያ በትክክለኛ ፍጥነት ይሠራ ስለነበር፣ ስህተቱ በ1992 ከመጠባበቂያው ቴፕ ተስተካከለ። ልዩነቱ ለማያስተውል ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «ብሉ ኢን ግሪን» በትክክለኛ ፍጥነቱ ሲሰማ የማይልስ ድምፅ ይከብዳል፣ ትንፋሹም ይረዝማል፤ የቁራጩ ሐዘንም ከቀድሞው ይልቅ ይጠልቃል። ስለዚህ ከ1992 በፊት የታተመ ሸክላ ለታሪኩና ለሽፋኑ ሲባል ቢሰበሰብም፣ ለዕለት ተዕለት ማዳመጫ ግን ፍጥነቱ መታረሙ በሽፋኑ ላይ የተገለጸበትን ዕትም እንዲገዛ እመክራለሁ። ከታረሙት መካከል «ፍላሜንኮ ስኬችስ» ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ቀረጻዎች የተካተተበትን ማግኘት ከተቻለ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር እነዚያ ሰዎች ከተጻፈ ዜማ ሳይሆን ከተሰጣቸው ጥቂት ቅኝቶች ተነሥተው በዚያው ቅጽበት ምን ያህል እንደሚፈጥሩ በግልጽ ያሳያል።

ይህን አልበም ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እየሰማ ላደገ ጆሮ ቅርብ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጃዝ አብዛኛው በፍጥነት በሚለዋወጡ ኮርዶች (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ላይ የሚሮጥ ሲሆን፣ «ሶ ዋት» ግን በአንድ ቅኝት ላይ ለዐሥራ ስድስት ባሮች (የምት ክፍሎች) ይቆያል፤ ከዚያ ለስምንት ባሮች በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ እንደገና ወደ መነሻው ይመለሳል። ብቻውን የሚጫወተው ሙዚቀኛ የሚለውን ለማለት ጊዜ አለው፤ አይቸኩልም። ጃዝ አይገባንም ለሚሉ ወዳጆቼ በመጀመሪያ የማሰማቸው ይህን ነው፤ ማሲንቆ አንድን ቅኝት ይዞ ረጅም መንገድ ሲሄድ የሰማ ሰው፣ እዚህም ላይ እንግድነት አይሰማውም።

ከምሳ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛና ጨዋታ ሲደራ፣ የማጫውተው የዱክ ኤሊንግተን የኒውፖርት ትርኢት ነው። በዚህ አልበም ላይ የዕትም ምርጫ ጉዳይ ከ«ካይንድ ኦፍ ብሉ»ም ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በ1956 የወጣውና በ1999 የወጣው፣ ስማቸው ቢመሳሰልም፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጁላይ 7 ቀን 1956 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ የኤሊንግተን ባንድ፣ በ1937 የተደረሰውን «ዲሚኑኤንዶ ኤንድ ክሬሼንዶ ኢን ብሉ» ሲጫወት፣ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቆሞ ሃያ ሰባት ዙር ያለ ማቋረጥ ተጫወተ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጨፈር ጀመረ፤ ዝናው እየደበዘዘ ነው ይባል የነበረው ኤሊንግተንም በዚያ ምሽት ዳግም ከፍ አለ፤ በሚቀጥለው ወር የታይም መጽሔት የሽፋን ሥዕል ላይ የወጣውም እርሱ ነበር። ችግሩ ጎንሳልቬስ የቆመው በተሳሳተ ማይክሮፎን ፊት መሆኑ ነው። የኮሎምቢያን ማይክሮፎን ትቶ ዝግጅቱን ለሬዲዮ በሚቀርጸው በአሜሪካ ድምፅ ማይክሮፎን ላይ ስለተጫወተ፣ የዚያ ምሽት ታላቁ ብቸኛ ጨዋታ በኮሎምቢያ ቴፕ ላይ ከሩቅ የሚሰማ ሆኖ ቀረ። ኩባንያውም ከትርኢቱ ውስጥ ደካማ የመሰሉትን ክፍሎች ባንዱን ስቱዲዮ አስገብቶ በድጋሚ ካስቀረጸ በኋላ፣ የሕዝብ ጭብጨባ ጨምሮ በሸክላ አወጣው።

የአሜሪካ ድምፅ ቴፖች በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው በ1990ዎቹ ተገኙ። ፊል ሻፕ የተባለው የጃዝ ታሪክ ባለሙያና ፕሮዲውሰር አንዱን ሞኖ (ድምፁ በግራና በቀኝ ያልተከፈለ) ቅጂ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አድርጎ ሁለቱን በማጣጣም፣ በዚያን ምሽት ማንም በስቴሪዮ ያልቀረጸውን ትርኢት በስቴሪዮ እንድንሰማው አድርጓል። በ1999 የወጣው የሁለት ሲዲ ዕትም የዚህ ሥራ ውጤት ነው። በጆሮ ማዳመጫ አተኩሮ ለሚሰማ ሰው በአንዳንድ ቦታ ሁለቱ ወገኖች ፍጹም ያልተዋሐዱ መስለው ይታያሉ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጎንሳልቬስ ከሩቅ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማል፣ ኤሊንግተን ከፒያኖው ላይ ሆኖ ሲያበረታታው ይሰማል፣ የሕዝቡም ጩኸት ዙር በዙር ሲያድግ ይሰማል። የ1956ቱን ሸክላ ያላቸው ሰዎች እንዳይጥሉት፣ ሙዚቃውን መስማት የሚፈልጉ ግን ያለ ማመንታት የ1999ኙን እንዲገዙ ነው ፍርዴ። በግሌ ይህን አልበም ይበልጥ የምወደው፣ ኤሊንግተን በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ የመጣ፣ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተሸለመና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተጫወተ ሰው በመሆኑ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ዓመት ሳይሞላው፣ በሜይ 1974፣ እርሱና ጎንሳልቬስ በቀናት ልዩነት ዐረፉ።

ያው የአሜሪካ ድምፅና ያው ቤተ መጻሕፍት ሌላም ሀብት አቆይተውልናል። የፒያኖ ተጫዋቹ የቴሎኒየስ መንክ ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) ከጆን ኮልትሬን ጋር ኖቬምበር 29 ቀን 1957 በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበው ትርኢት ለሬዲዮ ተቀርጾ ሲያበቃ ሳይታተም ተረስቶ ኖረ፤ በ2005 ላሪ አፕልባም የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ቴፖቹን ሲያገኛቸው፣ በዚያው ዓመት ብሉ ኖት የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አሳተማቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚያ ዓመት በኒው ዮርኩ ፋይቭ ስፖት የጃዝ ክለብ ለወራት አብረው ቢጫወቱም፣ በስቱዲዮ ከተቀረጹ ጥቂት ቁራጮች በስተቀር በጥሩ ድምፅ የተቀረጸ ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ይህ አልበም የትኛው ዕትም ይሻላል የሚል ራስ ምታት የለበትም፤ ሞኖ ነው፣ ጥራቱ ግን የሚያስደንቅ ነው። «መንክስ ሙድ» ሲከፈት የመንክ ፒያኖ ብቻውን ይሄድና ኮልትሬን በቀስታ ይገባል፤ አንዱ ቃል ቆጣቢ፣ ሌላው ሐሳቡ ከአፉ የሚቀድም ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እንደ መስማት ነው። በሥራ መካከል ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ሲኖረኝ የማጫውተው ይህን ነው። ገንዘቡ ለአንድ የኮልትሬን አልበም ብቻ የሚበቃው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከታላቁ ሥራው አስቀድሜ ይህን እጠቁመዋለሁ።

ታላቁ ሥራው ያልኩት «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነው፤ ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ፣ ከማኮይ ታይነር፣ ከጂሚ ጋሪሰንና ከኤልቪን ጆንስ ጋር የተቀረጸው። ይህን በየቀኑ አልሰማውም። አራተኛው ክፍል ኮልትሬን ራሱ ጽፎ በሽፋኑ ላይ ያሳተመውን የምስጋና ጸሎት በሳክስፎኑ ቃል በቃል የሚያነብበት ነው፤ ጽሑፉን ይዞ ለሚከታተል ሰው እያንዳንዱ ሐረግ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያርፍ ይገለጥለታል። ጸሎት በዜማ ሲደርስ ሰምቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ የዚህ ክፍል አካሄድ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም፤ ሥራ እየሠሩ በጎን የሚያጫውቱት ነገር ግን አይደለም። ስለ ዕትሙ ከሆነ፣ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ሲታተሙ የኖሩት ከዋናው ቴፕ የራቁ ቅጂዎች ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ በ2002 የወጣው ዕትም ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝ ከተላከ የተሻለ ቅጂ ላይ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የጆንስ ድራምና የጋሪሰን ባስ ከቀድሞው በግልጽ ይሰማሉ።

የሉዊ አርምስትሮንግ የ1920ዎቹ ቀረጻዎች ላይ ብዙ አልቆይም፤ መልካምነታቸው ተነግሮ የማያልቅ ነውና። «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» በ1928 ከኧርል ሃይንስ ጋር ሲቀረጽ፣ የመክፈቻው የትራምፔት ጥሪ ብቻውን ከብዙ አልበም ይበልጣል። ሲገዙ ግን ጩኸቱን ለማጥፋት ሲባል ድምፁ የታፈነበትን ዕትም መራቅ ያስፈልጋል፤ የድሮ ሸክላ መጠነኛ ሻሻታ ቢኖረውና የመለከቱ ጥራት ቢጠበቅ ይሻላል። ጆን አር ቲ ዴቪስ ያጸዳቸውና ጄ ኤስ ፒ የተባለው ኩባንያ በአራት ሲዲ ያወጣቸው ለኔ እስካሁን የሚስተካከላቸው አልተገኘም።

አመሻሽ ላይ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ በጅማ ተወልደው፣ በእንግሊዝና በቦስተኑ በርክሊ ተምረው፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር ያዋሐዱ ሰው ናቸው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተቀረጸው በኒው ዮርክ ሲሆን፣ በ1972 ዎርዚ በተባለ ትንሽ ኩባንያ ታትሞ ለብዙ ዓመታት ከሰብሳቢዎች እጅ በስተቀር የማይገኝ ሆኖ ኖረ። ስትሩት የተባለው ኩባንያ በ2017 እንደገና ሲያሳትመው፣ ከስቴሪዮው በተጨማሪ የሞኖውን ቅንብር ያካተተ ዕትምም አውጥቷል። እኔ የምመርጠው ሞኖውን ነው። በስቴሪዮው ላይ ቫይብራፎኑ፣ ዋሽንቱና የላቲን ከበሮዎቹ ለየብቻቸው ተበታትነው ሲሰሙ፣ በሞኖው ላይ ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለሚመጡ ምቱ ይጠነክራል፤ በተለይ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ላይ፣ ሁላችንም በሠርግ ቤት የምናውቀው ዜማ በዝግታ፣ በጥልቅ ባስ ላይ ተንሳፍፎ ሲመጣ፣ ይህ ልዩነት በጉልህ ይታወቃል። «መስከረም ሲጠባ» እና «ደወል»ም በዚሁ አልበም ላይ ናቸው። የመጀመሪያውን የዎርዚ ሸክላ ለመግዛት የሚጠየቀው ገንዘብ ከሙዚቃው ጋር የማይመጣጠን ስለሆነ፣ ሰብሳቢ ካልሆኑ በስተቀር በዳግም ዕትሙ መርካት ይገባል።

ሙላቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሠሯቸውን፣ አምሐ እሸቴ በራሳቸው ኩባንያ ያሳተሟቸውን ሥራዎች ለማግኘት ቀላሉ መንገድ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁትና የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ያሳተመው የ«ኤቲዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛው ቅጽ ነው። ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩ ሥራዎችን ይዟል፤ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰምቶ ለዓለም የተዋወቀው «የከርሞ ሰው»ም እዚህ አለ። የዚህ ቅጽ ጥንካሬ ምርጫው ነው፤ አንድም ደካማ ቁራጭ አልገባበትም። ድክመቱ ደግሞ ከተለያዩ ሸክላዎች የተሰበሰበ በመሆኑ፣ አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በታሰበበት ቅደም ተከተል የመስማት ደስታን የማይሰጥ መሆኑ ነው። ይህን ለሚፈልግ ሰው በ1974 የወጣው የ«የካቲት» አልበም ለብቻው በዳግም ዕትም ስለሚገኝ እርሱን ይጨምርበት።

በዚያው ተከታታይ ውስጥ ሃያ አንደኛው ቅጽ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ናቸው። ጃዝ ነው ብዬ አልከራከርም፤ እማሆይ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ የተማሩ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በልባቸው የያዙ መነኩሲት ነበሩና ሥራቸው የራሱ መንገድ አለው። ነገር ግን ከመንክ አልበም ቀጥሎ ሲጫወት፣ ሁለቱም ፒያኖን ያለ ጥድፊያ፣ ለዝምታ ቦታ ሰጥተው እንደሚጫወቱ ይታወቃል። በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ ወዲህ አዳዲስ ዕትሞች እየወጡላቸው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ግን ከዚህ ቅጽ ይጀምር።

ዐሥራ አራተኛው ቅጽ የጌታቸው መኩሪያ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሰዎች እንዲያውቁት የምፈልገው ይህን ነው። ጋሽ ጌታቸው በጦር ሜዳ ይደረደር የነበረውን ሽለላ በቴነር ሳክስፎን አምጥተው፣ በአፍ የሚወጣውን ድንፋታ፣ የድምፁን መቆራረጥና መንቀጥቀጥ ሳይቀር በመሣሪያው አስወጡት። የውጭ አገር ተቺዎች ይህን ሲሰሙ የ1960ዎቹን ነፃ ጃዝ ተጫዋቾች ያስታውሳቸዋል፤ ጋሽ ጌታቸው ግን ወደዚህ የደረሱት ከፉከራና ከሽለላ ተነሥተው እንጂ ከአሜሪካ ሸክላ ተምረው አይደለም። ከጎንሳልቬስ የኒውፖርት ጨዋታ ቀጥሎ ይህን የሚያጫውት ሰው፣ ሁለት ቴነር ሳክስፎኖች ሕዝብን ከመቀመጫው ለማንሣት በምን ያህል የተለያየ መንገድ እንደሚሄዱ ይረዳል፤ አንዱ ምቱን ተሸክሞ ዙሩን እያከረረ ይሄዳል፣ ሌላው ከምቱ ወጥቶ እንደ አዝማች ይጣራል። በ2006 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ያወጡት «ሞዐ አንበሳ» የተባለው አልበም በድምፅ ጥራት የተሻለና ጉልበቱ የበረታ ሲሆን፣ ጎረምሳ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ በዚህ መጀመር ይመረጣል፤ የቆየውን ሥራቸውን ለማወቅ ግን ዐሥራ አራተኛው ቅጽ የግድ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አብዛኛዎቹ በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ ይገኛሉ፤ ከመግዛት በፊት እዚያ መስማት ብልህነት ነው። ሆኖም በእነዚያ አገልግሎቶች ላይ የትኛው ዕትም እንደ ተጫነ ብዙ ጊዜ ስለማይገለጽ፣ በ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» እና በኒውፖርቱ ትርኢት ላይ የጠቀስኩትን ልዩነት እዚያ መለየት ያስቸግራል። ሸክላ የሚገዛ ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ አቧራ ምክንያት ከመጫወቱ በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግን፣ ያረጀ መርፌን በጊዜ መለወጥንና ሸክላዎቹን አቁሞ እንጂ አነባብሮ አለማስቀመጥን ልማድ ያድርግ። በቤታቸው ከወላጆቻቸው የቀሩ በአምሐ ወይም በካይፋ ኩባንያ የታተሙ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ያሏቸው ሰዎች፣ በማንኛውም ያረጀ ማጫወቻ ላይ ከመሞከራቸው በፊት ሸክላዎቹን አጽድቶ በጥሩ መርፌ ወደ ዲጂታል የሚገለብጥላቸው ባለሙያ ይፈልጉ፤ የደነዘዘ መርፌ በአንድ ጊዜ የሚፋቀውን ድምፅ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም።